ቃልን አሳጥሮ ስለ መናገር

«ካነጋገር ይፈረዳል፤ ካያያዝ ይቀደዳል» ይላል የአገራችን ሰው። ይህ ምሳሌ በዳኛ ፊት ቆሞ ለሚከራከር ባለጉዳይ የተነገረ ይመስላል፤ ነገር ግን በየዕለቱ ኑሮአችን ለምንናገረው ቃል ሁሉ ይሠራል። ሰው የሚመዘነው በተናገረው ነገር ብቻ አይደለም፤ ነገሩን በተናገረበትም ሁኔታ ጭምር ነው። አንዱ ሐሳብ በሙሉ ቃል ሲነገርና ተቆርጦ ሲነገር በሰሚው ልብ ውስጥ የሚያሳድረው ስሜት ልዩ ልዩ ነው። በዚህ ጽሑፍ ልንመለከተው ያሰብነውም ይኸው ነው፤ ይኸውም እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች በዕለታዊ ንግግራቸው ቃሎቻቸውን እያሳጠሩ የሚናገሩበት ልማድ ምን እንደ ሆነ፣ ቋንቋውን ከመጽሐፍ ለተማርን ለእኛም ምን ትምህርት እንደሚሰጠን ነው።

እንግሊዝኛ በአገራችን የሁለተኛ ደረጃና የከፍተኛ ትምህርት መስጫ ቋንቋ እንደ መሆኑ መጠን ብዙዎቻችን ከእርሱ ጋር የተዋወቅነው በጥቁር ሰሌዳ ላይ ነው። መምህራችን በጠመኔ «አይ አም ጎዪንግ ቱ ስኩል» ብለው ሲጽፉና እኛም በአንድ ድምፅ ተከትለን ስንጮህ፣ እያንዳንዱ ቃል እንደ ሰልፈኛ ወታደር ተራውን ጠብቆ ይቆም ነበር። ቋንቋው በባለቤቶቹ አፍ ሲነገር ግን ያ የተስተካከለ ሰልፍ ይፈርሳል። «ጎዪንግ ቱ» የነበረው «ገና» ይሆናል። «ዎንት ቱ» የነበረው «ወና» ይሆናል። «ጊቭ ሚ» የነበረው «ጊሚ»፣ «ዶንት ኖው» የነበረውም «ደኖ» ሆኖ ይሰማል።

ይህ ነገር ለአማርኛ ጆሮ ይበልጥ ያስገርማል። ወና በእኛ ቋንቋ ሰው የሌለበት ባዶ ቤት ነው፤ በእነርሱ አፍ ግን የፍላጎት መግለጫ ሆነ። ገና ደግሞ በእኛ ዘንድ ጊዜው ያልደረሰ ነገር የሚነገርበት ቃል ነው፤ የእነርሱም «ገና» ወደ ፊት የሚሆነውን የሚያመለክት መሆኑ፣ ሁለቱ ቃላት ምንም ዝምድና ባይኖራቸውም፣ ፈገግ የሚያሰኝ አጋጣሚ ነው።

ስለዚህ አነጋገር በየጊዜው ሁለት አስተያየት ሲሰነዘር እንሰማለን። ከትልልቆቹ ወገን ብዙዎች፣ ይህ የቋንቋ መበላሸትና የሰነፍ አፍ ሥራ ነው ይላሉ። ከወጣቶቹ ወገን ደግሞ፣ እውነተኛው እንግሊዝኛ ይኸው ነው፤ የመጽሐፉ እንግሊዝኛ ጊዜው ያለፈበት ነው የሚሉ አሉ። እኛ ግን ከሁለቱ ወደ አንዱ ከማዘንበላችን አስቀድሞ የነገሩን ታሪክ መመርመር ይገባል እንላለን። ከዚህ ቀጥሎ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ አቆራረጡን እንመልከት። እንግሊዞች ቃልን የሚቆርጡበት መንገድ ሦስት ዓይነት ነው። አንደኛው ጅራቱን ቆርጦ ራሱን ማስቀረት ነው፤ «ኤግዛሚኔሽን» «ኤግዛም»፣ «ላቦራቶሪ»ም «ላብ» የሆኑት በዚህ መንገድ ነው። ሁለተኛው ራሱን ቆርጦ ጅራቱን ማስቀረት ነው፤ «ቴሌፎን» «ፎን»፣ «ካራቫን»ም «ቫን» ሆነዋል። ሦስተኛው ራሱንም ጅራቱንም ጥሎ ወገቡን ብቻ ማስቀረት ነው፤ «ኢንፍሉዌንዛ» «ፍሉ»፣ «ሪፍሪጅሬተር»ም «ፍሪጅ» የተባሉት እንዲህ ነው።

ከነዚህ ሁሉ ታሪኩ ይበልጥ የሚያስደንቀው በየቀኑ የምንሳፈርበት መኪና ስም ነው። በ1820ዎቹ ዓመታት በፈረንሳይ አገር፣ በናንትና በፓሪስ ከተሞች፣ ማንኛውም መንገደኛ ጥቂት ገንዘብ ከፍሎ የሚሳፈርበት በፈረስ የሚሳብ ሠረገላ ሥራ ጀመረ። ስሙም «ኦምኒቡስ» ተባለ። ቃሉ ላቲን ነው፤ ትርጓሜውም «ለሁሉም» ማለት ነው። በ1829 ጆርጅ ሺሊቢር የተባለ ሰው ይህንኑ ሠረገላ በሎንዶን ከተማ አቋቋመ። የሎንዶን ሕዝብም ብዙ ሳይቆይ ስሙን ቆርጦ «ባስ» አለው። ይህች የተረፈችው ቁራጭ በላቲን ለብቻዋ ምንም ትርጉም የላትም፤ ሥራዋ በአማርኛ «ለ» የምትለው ፊደል የምትሠራው ሥራ ነው። እንግዲህ እኛ አንድን መኪና «ለሁሉም» ብለን ከሰየምነው በኋላ «ሁሉም» የሚለውን ጥለን «ለ መጣች፤ በለ እንሳፈር» ብንል ምን ያህል ያስቅ ነበር! እንግሊዞች ያደረጉት ግን ይህንኑ ነው። ያችው የላቲን ጅራት ባሕር ተሻግራ፣ «አውቶ» ከሚለው ቃል ጋር ተቀጥላ፣ በአዲስ አበባ ፌርማታ ላይ «አውቶቡስ» ተብላ ትጠራለች።

ታክሲም እንዲሁ ነው። «ታክሲሜትር» ማለት የጉዞውን ዋጋ የሚቆጥር መሣሪያ ነው። በ1907 ገደማ ይህ ቆጣሪ የተገጠመላቸው መኪናዎች በሎንዶንና በኒውዮርክ ሲበዙ፣ መሣሪያው ስሙን ለመኪናው አወረሰ፤ ሕዝቡም ስሙን አሳጠረና «ታክሲ» አለው። በአዲስ አበባ በታወቀ መሥመር የሚመላለሱት ሰማያዊና ነጭ ሚኒባሶች ግን ታክሲ ይባላሉ እንጂ ቆጣሪ የላቸውም። ቆጣሪው ቀርቶ የቆጣሪው ስም ቁራጭ ብቻ ቀርቶአል ማለት ነው። ኪሎ የሚለውንም ቃል እናስተውል። ከገበያ አንድ ኪሎ ቡና ስንገዛ ክብደት ነው፤ አራት ኪሎ ወይም ስድስት ኪሎ ስንል ግን በኪሎሜትር የተለካ መንገድ ነው። ሁለቱ ረዣዥም ቃላት ጅራታቸው ሲቆረጥ አንድ መልክ ሆኑ፤ ይሁን እንጂ ቡና ገዝቶ ወደ አራት ኪሎ የሚሄድ ሰው ሁለቱን ሲያደባልቅ አይታይም። ንግግር ሁልጊዜ ሥፍራውንና ጊዜውን ተደግፎ የሚቆም ነገር ነውና።

እንግዲህ ይህ ልማድ የዛሬ ወጣቶች ያመጡት አዲስ ነገር አለመሆኑ ግልጽ ነው። ሙግቱም እንደዚሁ አሮጌ ነው። የጋሊቨርን ጉዞ በመጻፍ የታወቀው ጆናታን ስዊፍት በ1710 «ታትለር» በሚባለው የሎንዶን ጋዜጣ ላይ ቃልን በሚቆርጡ ሰዎች ላይ ብርቱ ወቀሳ አውጥቶ ነበር። ከወቀሳቸው ቃላት አንዷ «ሞብ» ነበረች። «ሞብ» የተቆረጠችው «ሞቢሌ ቩልጉስ» ከሚል የላቲን ሐረግ ሲሆን ትርጓሜውም በአንድ ሐሳብ የማይጸና፣ ወዲያና ወዲህ የሚወላውል ሕዝብ ማለት ነው። ስዊፍት ይህችን ቃል ለመግታት ብዙ ዓመት መድከሙን፣ ሆኖም በተቃራኒዎቹ ብዛት መሸነፉን በዚያው ጽሑፍ ገልጾአል። በእርግጥም ሳሙኤል ጆንሰን ታላቁን መዝገበ ቃላት በ1755 ሲያሳትም «ሞብ» ቦታዋን ይዛ ተገኘች፤ ዛሬ በማንኛውም ጋዜጣ ላይ ያለ ኀፍረት ትጻፋለች። ከእርስዋ ጋር አብራ የተወቀሰችው «ፖዝ» ግን፣ «ፖዚቲቭ» ከሚለው ቃል የተቆረጠችው ማለት ነው፣ ዛሬ የሚያስታውሳት የለም። ሁለቱንም የተቆጣቸው አንድ ሊቅ ሲሆን አንዲቱን ያዳነ፣ ሁለተኛይቱን የገደለ የሕዝብ አፍ ነው።

ማሳጠር የስንፍና ሥራ ነው የሚለውም አስተያየት ጠጋ ብለው ሲመረምሩት አይጸናም። ስንፍና ሕግ የለውም፤ ማሳጠር ግን ሕግ አለው። ለምሳሌ «ገና» የሚለውን አነጋገር እንውሰድ። አንድ እንግሊዝኛ ተናጋሪ «ልበላ ነው»፣ «ልተኛ ነው» ለማለት ሲፈልግ ይህን አጭር ቃል ይጠቀማል። «ወደ ሐረር እየሄድሁ ነው» ለማለት ግን «አይም ገና ሐረር» አይልም፤ ከቶ ሊል አይችልም። አጭሩ ቃል የሚቆመው ከግሥ በፊት እንጂ ከቦታ ስም በፊት አይደለም። እንዲሁም «አይ አም» የሚለው ቃል በዓረፍተ ነገር መካከል «አይም» ይሆናል፤ «ተማሪ ነህን?» ተብሎ የተጠየቀ ሰው ግን «የስ፣ አይ አም» ይላል እንጂ «የስ፣ አይም» ብሎ አያቆምም። ይህን ሕግ በትምህርት ቤት የተማረው የለም፤ የአምስት ዓመት ሕፃን ግን ሳይሳሳት ይጠብቀዋል።

ቃል የሚያጥርበትን ምክንያት ከመረመሩት አንዱ በአሜሪካ በሐርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ያስተምር የነበረው ጆርጅ ኪንግስሊ ዚፍ ነው። ይህ ሰው በ1935 ባሳተመው መጽሐፍ፣ በንግግር ብዙ ጊዜ የሚመላለሱት ቃላት አጫጭር፣ አልፎ አልፎ የሚነሡት ደግሞ ረዣዥም መሆናቸውን በቁጥር አሳይቶአል። ነገሩ በየቤታችን ደጃፍ እንዳለው የድንጋይ ደረጃ ነው፤ እግር የሚበዛበት ድንጋይ ይሟልጣል፤ የማይረገጠው ማዕዘኑ ስለት እንደ ሆነ ይኖራል። ሰው በዓመት አንድ ጊዜ የሚጠራውን ቃል ሙሉውን ይጠራዋል፤ በቀን መቶ ጊዜ የሚጠራውን ግን አፉ ያለሰልሰዋል።

የእኛስ አማርኛ ከዚህ ነጻ ነውን? አይደለም። «ወደዚህ» የነበረው «ወዲህ»፣ «እንደዚህ» የነበረውም «እንዲህ» ከሆነ ብዙ ዘመን ነው። «እመቤቴ» የሚለው ቃል አጥሮ «እሜቴ» ሲሆን ክብሩ አልቀነሰም፤ ፍቅር ተጨመረበት እንጂ። ከሁሉም የሚያስደንቀው ግን ሳናስተውለው የምንጽፈው ግሥ ነው። «መጥቶአል» ስንል «መጥቶ» እና «አለ» የሚሉትን ሁለት ቃላት ነው ያጣበቅናቸው። ብዙ የዛሬ ጸሐፊዎች ደግሞ እርሱንም አጥብበው «መጥቷል» ብለው ይጽፉታል። እንዲህ ያለው ነገር በአፍ ሲጀመር የሰማ አንድ የጥንት ሊቅ ቢኖር ኖሮ፣ ምናልባት እንደ ስዊፍት «ቋንቋችን ጠፋ» ብሎ ባዘነ ነበር። እኛ ግን ዛሬ ያለዚህ ጥብቅ ግሥ አንድ ገጽ እንኳ መጻፍ አንችልም። የትናንቱ ቁራጭ የዛሬው ሰዋስው ሆኖአል።

የስንብት ቃላትም የዚሁ ምስክሮች ናቸው። እንግሊዞች ሲለያዩ «ጉድባይ» ይላሉ። ይህ ቃል «እግዚአብሔር ከአንተ ጋር ይሁን» የሚል ሙሉ ምርቃት ነበረ፤ ከ16ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ጀምሮ በአፍ ሲሟልጥ ኖሮ፣ ዛሬ «ባይ» ብቻ ሲባል የእግዚአብሔር ስም ፈጽሞ ጠፍቶበታል። እኛም «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» የነበረውን «እግዜር ይስጥልኝ» እንላለን፤ «ጤና ይስጥልኝ» ስንል ደግሞ ሰጪውን ሳንጠራ በልብ እንተወዋለን። ከኢጣልያ ቋንቋ ወስደን በየስልኩ የምንሰናበትበት «ቻው» እንኳ፣ በቬኒስ አገር «ባሪያዎ ነኝ» ይባል የነበረ የትሕትና ሰላምታ ቁራጭ ነው። ልጆቻችን እጃቸውን እያወዛወዙ «ቻው ቻው» ሲሉ ሁለት ጊዜ «ባሪያዎ ነኝ» ማለታቸውን ማን ያስባል?

የእኛና የእነርሱ ልማድ የሚለያይበት ቦታ ግን አለ። እኛ በብዛት የምናሳጥረው በብዕር ነው። «ት/ቤት» ብለን ጽፈን «ትምህርት ቤት» ብለን እናነባለን፤ «ወ/ሮ» ብለን ጽፈን «ወይዘሮ» ብለን እንጠራለን። እጃችን ይቆርጣል፤ አፋችን ይሞላል። እነርሱ ግን በአፋቸው ቆርጠው በወረቀት ላይ ይሞሉታል፤ በቤቱ «ገና» እያለ የሚናገረው ሰው ለመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ሲጽፍ «ጎዪንግ ቱ» ይላል። በስልክ መልእክት ዘመን ይህም እየተቀላቀለ መጥቶአል። ወጣቶቻችን በላቲን ፊደል ሲጻጻፉ «ሰላም» የሚለውን ቃል አምስቱን ፊደል ትተው በሦስት ብቻ ይጽፉታል። ይህን እንደ ትልቅ ብልሃት የሚቆጥር ወጣት ቢኖር፣ «ሰላም» በግዕዝ ፊደል ከመጀመሪያውም ሦስት ፊደል ብቻ መሆኑን ብናስታውሰው ደስ ይለዋል ብለን እናምናለን።

እስካሁን ያልነው ሁሉ ለመቅድም ያህል ነው። የዚህ ጽሑፍ ዋና ነገር አንባቢን ወደሚከተለው ጥያቄ ለማድረስ ነው፤ እንግሊዝኛ ተናጋሪ መቼ ያሳጥራል፣ መቼስ ሙሉውን ይናገራል?

የእኅታችን ልጅ ለትምህርት ወደ አሜሪካ በሄደ በጥቂት ወራት ጊዜ ውስጥ የጻፈልን ደብዳቤ ይህን ጥያቄ አስነሥቶብናል። «ጋሼ፤ እንደምን ሰንብተዋል?» ብሎ ከጀመረ በኋላ እንዲህ ይላል፤ «እንግሊዝኛ አውቃለሁ ብዬ የመጣሁ ሰው ነኝ። እዚህ ግን አብረውኝ የሚያድሩት ልጆች ጠዋት ሲያገኙኝ ‹ሳፕ› ይሉኛል። ‹ዋት ኢዝ አፕ› የሚለው ሰላምታ ተቆርጦ ተቆርጦ ይህች ብቻ እንደ ቀረች የነገረኝ ሰው እስካገኝ ሳምንት ፈጀብኝ። እኔ በትሕትና ሙሉውን ቃል እየተናገርሁ እመልሳለሁ። እነርሱም በትሕትና ይሰሙኛል፤ ግን ከእነርሱ ጋር እንድቀመጥ የሚጠራኝ የለም። ባለፈው እሑድ አንዱ ጠጋ ብሎ ‹ተቀይመኸናል ወይ?› አለኝ። ስለ ምን ብለው ብጠይቀው፣ ‹አይ ዶንት ዎንት› በማለት ፈንታ ‹አይ ዱ ኖት ዎንት› እያልህ እያንዳንዱን ቃል ስትናገር የተቆጣህ ትመስለናለህ አለኝ።»

ይህን ቃል ደጋግመን አነበብነው። አንድ ልጅ አክብሮትን አስቦ ሙሉውን ቃል ሲናገር ሰሚዎቹ ቅያሜ አድርገው ሰሙት፤ በዚህም ምክንያት በሰው መካከል ብቻውን ሰነበተ። ምክንያቱንም ስንመረምር የሚከተለውን አገኘን።

በጥንቱ እንግሊዝኛ እንደ አማርኛ ሁሉ «አንተ» እና «እርስዎ» ነበሩ። «ዛው» የሚለው ቃል ለአንድ ቅርብ ሰው፣ «ዩ» የሚለው ደግሞ ለብዙዎችና ለሚከበር ሰው ይነገር ነበር። ከ17ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ «ዛው» ከተለመደው ንግግር እየወጣ ሄዶ፣ በጸሎት፣ በጥንት ግጥምና በአንዳንድ የገጠር አካባቢ ብቻ ቀረ። ስለዚህ ዛሬ እንግሊዝ ለአስተማሪውም፣ ለወንድሙም፣ ለውሻውም «ዩ» ይላል፤ ሁሉንም «እርስዎ» ይላል ማለት ነው። ነገር ግን ቅርበትና አክብሮት ከሰው ልብ የሚጠፉ ነገሮች አይደሉም። ቋንቋው በዚያ በር ቢዘጋቸው በሌላ በር ይገባሉ። ከገቡባቸውም በሮች አንዱ ይኸው የማሳጠርና የመሙላት ልማድ ነው። ሙሉው ቃል የእንግሊዝኛ «እርስዎ» ነው፤ አጭሩ ቃል የእንግሊዝኛ «አንተ» ነው።

ነገሩን በዚህ ዓይን ስንመለከተው ብዙ ስውር የነበረው ይገለጣል። አብሮ አደግ ወዳጁን ከዕለታት አንድ ቀን በድንገት «እርስዎ» ብሎ የጠራ አማራ ምን ይባላል? ተቀይሞአል ይባላል። የእኅታችን ልጅም የደረሰበት ይኸው ነው። ራሱ ስዊፍት እንኳ የዚህ ምስክር ነው። በጋዜጣ ላይ ቃል ቆራጮችን ይወቅስ በነበረበት በዚያው በ1710 ዓመት፣ ስቴላ እያለ ለሚጠራት ወዳጁ የዕለት ውሎውን እየጻፈ ይልክ ጀመር። እነዚያ ደብዳቤዎች ከሞተ በኋላ ታትመው ሲታዩ፣ እንደ ሕፃን አፍ በተሰባበረ ቃልና በሁለትና በሦስት ፊደል ብቻ በተመለከቱ የቁልምጫ ስሞች የተሞሉ ሆነው ተገኙ። ግብዝ ነበረ ብለን አንፈርድበትም፤ ለአደባባዩ «እርስዎ» ለወዳጁ «አንቺ» ማለቱ ነው። ለሰው ስምም ሕጉ ያው ነው። ገብረ ሥላሴ የተባለውን ሰው ወዳጆቹ «ገብሬ» ሲሉት ፍቅር ነው፤ በሹመት ደብዳቤ ላይ ግን እንዲያ ብሎ የሚጽፍ የለም። በአሜሪካም ቢል ክሊንተን በ1993 የፕሬዚዳንትነት መሐላ ሲፈጽም «ዊሊያም ጄፈርሰን ክሊንተን» በሚል ሙሉ ስሙ ነበረ። በ1977 ግን ጄምስ ኧርል ካርተር «ጂሚ ካርተር» ብሎ መማሉ እንደ ልዩ ነገር የሚታወስለት፣ በ«እርስዎ» ቦታ «አንተ» ስለ ተሰማ ነው።

የእኅታችን ልጅ አጭሩን አነጋገር ብዙ ሳይቆይ ለመደ፤ ወዳጆችም አፈራ። ነገር ግን የለመደው አለ ልክ ነበረ። የትምህርት ክፍያ ጊዜ እንዲራዘምለት ለኮሌጁ ጽሕፈት ቤት ያቀረበውን ማመልከቻ «ገና» እና «ወና» በሚሉ ቃላት ሞልቶ ጻፈው። የጽሕፈት ቤቱ ሠራተኛ አንብበው፣ «ይህን ለጓደኛህ ላከው፤ ለእኛ ሌላ ጻፍ» ብለው መለሱለት። ቀኑ ሊያልፍ አንድ ሰዓት ሲቀረው ሌላ ጽፎ አስገባ። የመጀመሪያው ጊዜ ወዳጁን «እርስዎ» አለ፤ የሁለተኛው ጊዜ ሹሙን «አንተ» አለ። ቃላቱን ያውቃቸው ነበር፤ የጎደለው ቦታቸውን ማወቅ ነበረ። «ያገሩን ሠርዶ ባገሩ በሬ» የተባለው ለእንዲህ ያለው ነገር ነው።

ዓመታት አልፈው ይህ ልጅ ትዳር ይዞ የልጅ አባት ሆነ። ልጁ በዚያው ተወልዳ ያደገች ናት፤ አማርኛዋ ከወላጆችዋ አፍ የተለቀመ ነው። አንድ እሑድ እኅታችን ከልጅ ልጅዋ ጋር በስልክ ስትነጋገር፣ ልጅቷ «አያቴ፣ አንቺ መቼ ነው የምትመጪው?» አለቻት። እኅታችን አያቶችዋንና ወላጆችዋን ሁሉ በአንቱታ ጠርታ ያደገች ሴት ናትና ቃሉ ከበዳት። ለሕፃኗ ምንም አልመለሰችም። ስልኩን ከዘጋች በኋላ ግን፣ «ልጄ አገሩን ብቻ አይደለም የለወጠው፤ እኔንም ለልጁ ጎረቤት አድርጎ ነው ያሳደጋት» ብላ አለቀሰች። ብዙ በውጭ አገር የሚኖሩ ወገኖቻችን በየቤታቸው የሚያውቁት ኀዘን ነው። ልጆቹ ንቀት የላቸውም፤ «ዩ» የምትለው አንዲት ቃል ለሁሉም እንደምትበቃ ከሚያስተምር ቋንቋ ውስጥ አድገው ነው።

አባትዋ ነገሩን በሰማ ጊዜ ልጁን አልተቆጣትም። አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቃት። «ለጓደኛሽ ‹ወና ፕሌይ› ትያታለሽ፤ ለትምህርት ቤትሽ ኃላፊስ እንዲያ ብለሽ ትናገሪያለሽን?» አላት። «አልናገርም» አለች። «ስለ ምን?» ቢላት፣ «እርስዋን እንዲህ አይሏትም፤ ሙሉውን ነው የሚናገሩላት» ብላ መለሰች። «እንግዲያው በአማርኛ ‹እርስዎ› ማለት ለአያትሽ ሙሉውን መናገር ነው» አላት። ሕፃኗ ይህን ለመረዳት ሁለተኛ ማብራሪያ አላስፈለጋትም፤ ልማዱን በሌላው ቋንቋዋ አስቀድማ ታውቀዋለችና።

በሚቀጥለው እሑድ፣ «አያቴ፣ እርስዎ መቼ ነው የሚመጡት?» አለቻት። እኅታችን ይህን ስትሰማ ጥቂት ዝም ብላ ቆየችና፣ «ከእንግዲህ አንቺ በይኝ የእኔ እመቤት፤ ማወቅሽን ካወቅሁ ይበቃኛል» አለቻት። ሕፃኗም እስከ ዛሬ «አንቺ» ትላታለች። ቃሉ ያው የመጀመሪያው ቃል ነው፤ ፊተኛው ግን ከአለማወቅ የመጣ ነበረ፤ የኋለኛው በአያትዋ ፈቃድ የተሰጣት ነው።

ከዚህ ሁሉ የምናገኘው ትምህርት ይህ ነው። አጭር ቃል ቅርብ ለሆነ ሰው የሚከፈት በር ነው፤ በሩን የሚከፍተውም ባለቤቱ ነው። መምህራን ልጆቻችንን እንግሊዝኛ ሲያስተምሩ ሙሉውን ቃል አስቀድመው ማስተማራቸው የሚገባ ነው፤ ሙሉውን የማያውቅ ሰው ምን እንዳሳጠረ አያውቅምና። ነገር ግን በዚያው አያቁሙ፤ አጭሩንም ያሰሙአቸው፤ ለማንና መቼ እንደሚነገርም ይንገሩአቸው። «እርስዎ» እና «አንተ» እያለ ላደገ የአገራችን ልጅ ይህ ከቶ እንግዳ ትምህርት አይሆንበትም። በውጭ አገር ያሉ ወላጆችም «ቋንቋችሁ ተበላሸ» ብለው ልጆቻቸውን ከመገሠጽ ይልቅ፣ ልጆቹ በእንግሊዝኛቸው ውስጥ የያዙትን ማስተዋል ፈልገው ወደ አማርኛው ይምሩት። አክብሮት በየቋንቋው ልብሱን ይለውጣል እንጂ አካሉ አንድ ነው።